ታቦት መለሳት የተባለችው ሴት

መንገድ ሰውን ከሰው ያገናኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሰውን ከገዛ ጥፋቱ ጋር ፊት ለፊት ያገናኘዋል። መምሬ ቀለመ ወርቅ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓመተ ምሕረት ቅዳሴ ጨርሰው ከአምባ ሚካኤል ሲወርዱ ይህን አላሰቡም፤ ያሰቡት ቁርሳቸውን ነበር። ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ የስድሳ ዓመት ቄስ ስለ ቁርሱ ቢያስብ መቼም ማንም አይፈርድበትም።

የአቀበቱ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ይታይሽን ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኟት። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የታች ጋይንት ሰው አፉ አያርፍምና ድንጋዩን «የይታይሽ መንበር» ብሎ ከሰየመው ሰነባብቷል። አዲሱ ነገር አጠገቧ የተንበረከከችው ወጣት ናት። ጃንጥላዋን መሬት ላይ ጥላ፣ የይታይሽን እጅ አንጓ ይዛ፣ በሌላው እጇ ያሰረችውን ሰዓት ትክ ብላ ታያለች። ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። መምሬ በልባቸው «ደግሞ ይህች ምን ትደግምባታለች?» አሉ።

«እንደምን አደራችሁ» አሉ መስቀላቸውን እያወጡ።

ወጣቷ ቀና ሳትል በእጇ ቆዩኝ የሚል ምልክት አሳየች። ቄስ መስቀል አውጥቶ «ቆይ» ሲባል በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። መምሬ ግን ከመገረማቸው ብዛት ቆሙ። ቆጠራዋን ስትጨርስ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ መስቀሉን ተሳለመች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ። ቆጠራው ከተቋረጠ ከንቱ ይሆናል ብዬ ነው። ስንዱ እባላለሁ፤ የእስቴው የአዱኛ ልጅ ነኝ። ጎንደር ተምሬ አርብ ገበያ አዲስ በተከፈተው ጤና ጣቢያ አስታማሚ ሆኛለሁ። ለፈንጣጣ ክትባት ወደ ቆላው ስወርድ እኒህን እናት ደረታቸውን ይዘው አገኘኋቸው።»

«ምን ትቆጥሪ ነበር?»

«የልባቸውን ምት።»

የይታይሽን ነገር ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ የነፍስ አባቷ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር ባልና ሚስት ብዙ ጊዜ በወጣትነታቸው አይቆርቡም። ወልደው አሳድገው፣ የሴቲቱ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ተያይዘው ይቆርባሉ፤ ከዚያ ወዲያ ከሞት በቀር የሚለያቸው የለም። ይታይሽና ባሏ አያሌውም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ቀን ሲጠብቁ ኖሩ። ልማዷ የቆመ ዓመት ይታይሽ ደስታዋን አልቻለችውም። «እንግዲህ ቀን ሳልቆጥር ቤተ ክርስቲያን ልገባ ነው» እያለች ለጎረቤት ሁሉ አወራች። በዚያው ዓመት ግን አቀበቱ አቃታት። አጋማሹ ላይ ስትደርስ ደረቷን በመጫኛ የታሰረች ያህል ይጨንቃታል፤ ግራ ክንዷ ይዝላል፤ ላብ ያጠምቃታል፤ ትቀመጣለች።

ሰው ምን ይበል? ልማድ ሳለባት ስትወጣ ስትወርድ የኖረች ሴት ከልማዷ በነጻችበት ዓመት ከመንገድ ከቀረች፣ የመለሳት ታቦቱ ነው ተባለ። ታቦት ከመለሳት ደግሞ የደበቀችው ነገር አለ። መምሬም በአንድ የማኅበር ቀን ቢጠየቁ «ሚካኤል ያለ ነገር ሰው አይመልስም» ብለው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ ሦስት አጥቢያ ዞረ። አያሌውም ሰምቶ ሰምቶ በመጨረሻ ቆረጠ፦ «ለኅዳር ሚካኤል በእግሯ ወጥታ ትታይ። አለዚያ ቆቧን ደፍታ ገዳሟ ትሂድ፤ ታቦት ከመለሳት ሴት ጋር አልቆርብም» አለ። እነሆ አንድ ወር ብቻ ቀርቷል።

«ልጄ» አሉ መምሬ፤ «ድካምሽ መልካም ነው። የዚህች ሴት ነገር ግን የሐኪም አይደለም።»

«የማን ነው አባቴ?»

«የንስሐ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ኃጢአትም እንደዚሁ ነው። ሚካኤል ከደጁ እየመለሳት እኔና አንቺ ምን ልናደርግ?»

ተማሪ ቤት የዋለ ወጣት ሽማግሌ የተሳሳተ ሲመስለው መሳቅ ይወዳል። ስንዱ አልሳቀችም፤ ይህም ያስመሰግናታል። ወደ ይታይሽ ዞረች።

«እናቴ፣ ውኃ የሚቀዱት ከየት ነው?»

«ከታች ከወንዙ።»

«ሲወርዱ ያምዎታል?»

«ስወርድስ ምንም አይለኝ።»

«እንስራውን አዝለው ሲመለሱስ?»

ይታይሽ መምሬን ፈራ ተባ እያለች አየቻቸው። «ያው ነው። ከሾላው ስደርስ እንዲሁ ጭንቅ ያደርገኛል። እቀመጣለሁ፤ ይለቀኛል።»

መምሬ ደነገጡ። «ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስለ ውኃው መንገድ መች ጠየቁኝ አባቴ? ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የሚካኤልን መንገድ ነው።»

ስንዱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መምሬ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመልሳቸው ሚካኤል ከሆነ ከወንዝ የሚመልሳቸው ማን ነው?» አለች።

ቅኔ ቤት ሲከራከር ያደገ ሰው በአንድ ጥያቄ እጅ አይሰጥም። መቋሚያቸውን ተክለው ተደገፉ።

«መልካም፤ አቀበቱ ነው እንበል። እኔ የምጠይቅሽ ጊዜውን ነው። ሴቲቱም ይህችው፣ አቀበቱም ይኸው። ነፍሰ ጡር ሆና እንኳ ወጥታዋለች። ታዲያ ልማደ አንስት በተቋረጠባት ዓመት ለምን ታመመች? ሁለት ነገር ተያይዞ ሲመጣ እንዲያው በከንቱ ነው ትይኛለሽ?»

«አልልም አባቴ። እንደርስዎ አጥርቶ ያየው ሰው ብዙ አይደለም። ሁለቱ የተያያዙ ናቸው ብለው የሚያምኑ ሐኪሞች አሉ። ያያያዛቸው ግን ኃጢአት አይደለም።»

«ምንድን ነው?»

ስንዱ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። «በሴት ሆድ ውስጥ፣ ከማኅፀን ግራና ቀኝ፣ ትልቅ ባቄላ የሚያክሉ ሁለት ዕጢዎች አሉ። ከነሱ የሚመነጭ ዓይን የማያየው ነገር ከደም ጋር በሰውነት ሁሉ ይዞራል። ሆርሞን ይባላል። ለእርግዝና የሚያዘጋጀውና የወር አበባን የሚያመላልሰው እሱ ነው። ሐኪሞች ደግሞ አንድ ነገር አስተዋሉ። ልማዳቸው ያልቆመ ሴቶች በልብ ሥር በሽታ የሚያዙት ከእኩዮቻቸው ወንዶች በጣም ያነሱ ናቸው። ልማዱ ከቆመ በኋላ ግን ቁጥራቸው ዓመት በዓመት እየጨመረ ወደ ወንዱ ይጠጋል። ስለዚህ ያ ሆርሞን የልብን የደም ሥር ሲጠብቅ የኖረ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ዕድሜው ሲደርስ ይነጥፋል፤ ጠባቂው ሄደ ማለት ነው።»

«ቆይ፤ ቆይ ልጄ።» መምሬ እጃቸውን አነሱ። «ደሙን የሚያመጣው ነገር ነው ልቧን ሲጠብቅ የኖረው?»

«እንደዚያ ይመስላል።»

«እኛ ቀን ቆጥረን ከደጅ ያቆምናት ...»

አልጨረሱትም። ሠላሳ ስድስት ዓመት በክህነት ሲያገለግሉ ከቅጽሩ ውጭ ከዛፉ ሥር የሚቆሙትን ሴቶች በየሰንበቱ አይተዋል። ሰው አንገቱን ደፍቶ በሹክሹክታ በሚናገረው በዚያ ነገር አጠገብ እግዚአብሔር ለልብ ዘበኛ አቁሞ ይሆናል ብሎ የነገራቸው አልነበረም። አድናቆት እንደ ፍርሃት ያለ ነገር ሆነባቸውና እሳቸውም ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ቁርሱም በዚያው ተረሳ።

ስንዱ ከቦርሳዋ ሁለት ጆሮ ያለውን ጥቁር የጎማ ቧንቧ አወጣች። «መስማት ይፈልጋሉ?»

ጫፎቹን ከጆሯቸው አግብታ ክቡን ብረት በደረታቸው ላይ አኖረችው። መምሬ መጀመሪያ ከሩቅ የሚመታ ከበሮ መሰላቸው። ቀጥሎም አማተቡ።

«ይህ የኔ ነው?»

«የርስዎ ነው።»

«የሚያርፈው መቼ ነው?»

«ከአንዱ ምት እስከ ሌላው ካለችው ቅጽበት በቀር አያርፍም። በአንድ ቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል።»

«በሰንበትም?»

«በሰንበትም አባቴ።»

መምሬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስድሳ ዓመት ተኝተው፣ ተቆጥተው፣ ረስተውት፣ ይህ ነገር ሥራውን አንድ ቀን አላስታጎለም። ማን አዘዘው? ማንስ አመሰገነው? ስንዱ ብረቱን ወደ ይታይሽ ደረት አዛወረችው። የሷ ፈጠን ያለ ነው እንጂ ድምፁ ያው የሳቸው ነው። የፈረዱበት ልብ እንዲህ በጆሯቸው ውስጥ ሲመታ መምሬ ዕንባቸው መጣ፤ አልደበቁትምም።

ቧንቧውን ሲመልሱ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። «እንግዲያ መልሱላታ! ጠባቂው ሄደ ካልሽ መልሱት! በባሕር ላይ መርከብ የሚነዳ ትውልድ ይህን ያቅተዋል?»

«ክኒን አለ» አለች ስንዱ። «በውጭ አገር ያንን ሆርሞን በክኒን ሠርተው ልማዳቸው ለቆመ ሴቶች ይሰጣሉ። ድንገት ፊትን የሚያቃጥለውን ወላፈንና ላቡን ያበርዳል። ልብንም ይጠብቃል ብለው የሚጽፉ ሐኪሞች ሞልተዋል። አዲስ አበባ አንዳንድ ወይዛዝርት ይወስዱታል ሲባልም ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያ አምጪዋ!»

«አልሰጣቸውም።»

«ምነው? እስካሁን ስታሳምኚኝ ቆይተሽ!»

«እውነቱን ገና ስላላወቅን ነው አባቴ። ጎንደር ያስተማሩን ሐኪም ‹የጎደለውን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ሲሞሉት ያድናል ማለት ግን ሌላ ነው› ይሉን ነበር። ክኒኑ በአንዳንድ ሰው ላይ ደም ያረጋል። የረጋ ደም ደግሞ የጠበበ ሥር ካገኘ ይዘጋዋል። የኒህ እናት ልብ አሁኑኑ እየታመመ በተስፋ ብቻ ክኒን አልሰጥም።»

«ታዲያ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው በይኛ!»

ይታይሽ ሳቀች። መምሬ ስትስቅ ካዩዋት ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። «አይ አባቴ፤ ልጅቱ እውነቷን ነው። አያሌው አዲስ የገብስ ዘር ሲያገኝ መች ማሳውን ሁሉ ይዘራዋል? እኩሌታውን በአዲሱ፣ እኩሌታውን በድሮው ዘርቶ ፍርዱን አውድማ ላይ ነው የሚሰጠው። ሲያዩት ያማረ ዘር ሁሉ ያፈራል እንዴ?»

«ሐኪሞችም የሚጠብቁት ይህንኑ ነው» አለች ስንዱ በመደነቅ እያየቻት። «እልፍ ሴቶች ወስደውት፣ እልፍ ሳይወስዱት፣ ዓመታት አልፈው አውድማው ላይ የሚታየውን። እስከዚያ የምናውቀውን እናድርግ። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ልባቸው ይመርመር፤ የደም ግፊታቸው ይለካ። ጨው ይቀንሱ። እንስራውን ሌላ ሰው ያዝልላቸው። ሐኪሙ ሲፈቅድ በየቀኑ ሜዳ ለሜዳ በዝግታ ይራመዱ፤ ሲያማቸው ወዲያው ይረፉ። ለመሆኑ እናቴ፣ ሌላ የሚያደክም ሥራ አለብዎት?»

«ከስግደቱ በቀር የለብኝም።»

«የምን ስግደት?»

«የንስሐዬ። በቀን ሦስት መቶ ነው። መቶው ላይ ስደርስ ያመኛል፤ ግን እጨርሰዋለሁ።»

ስንዱ ብድግ አለች። «ሦስት መቶ? በዚህ ልብ? እናቴ፣ ሊሞቱ ይችሉ ነበር እኮ! ማን ነው ያዘዘዎት?»

ይታይሽ አቀረቀረች። ነፋሱ የደረሰውን የገብስ ማሳ ያንሿሿል። መምሬ «እኔ ነኝ» አሉ።

ስንዱ አልወቀሰቻቸውም። «ቃሬዛ የሚይዝ ሰው ላምጣ» ብላ ወደ መንደሩ ወረደች።

ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ይታይሽ ድንጋዩን ለቃ ከመምሬ እግር አጠገብ ተቀመጠች።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ አይቆጡኝ። በፍልሰታ የተናዘዝሁልዎት ውሸት ነው።»

«የቱ?»

«ከአያሌው ሌላ ወንድ አውቄአለሁ ያልኩት። በአምላክ ስም፣ ከሱ በቀር ወንድ አላውቅም። እርስዎ ‹የቀረ ነገር አለ፣ ፈልጊ› ሲሉኝ ፈለግሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ፈለግሁ። ያጣሁ ጊዜ ሰው ሚስቱን የሚያስፈታውን ትልቁን ኃጢአት ወስጄ በራሴ ላይ ጫንሁ። ንስሐውን ስጨርስ ሚካኤል ያሳልፈኛል ብዬ ነው።»

መምሬ ያን ኑዛዜ ከሰሙ በኋላ ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ ሥርዓቱን ያውቃሉ። ብቻ አንድ ቀን አያሌውን መንገድ ላይ አግኝተው «ቁርባኑን ትንሽ አቆየው» ብለውት ነበር። አያሌው ያን ጊዜ ፊቱ እንዴት እንደ ጠቆረ አሁን ትዝ አላቸው። የሰውየውን ቤት ያፈረሰችው ያች አንዲት ቃል ናት። ንጹሕ ሴት ኃጢአት እስክትፈጥር ድረስ ያስጨነቋት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያም የፈጠረችውን አምነው በሦስት መቶ ስግደት ልቧን ሊያቆሙት ነበር። የሚመታውን ልባቸውን አሁን ያለ ቧንቧ ሰሙት።

«ከዛሬ ጀምሮ አንድም ስግደት እንዳትሰግጂ» አሉ በመጨረሻ። «ፈትቼሻለሁ። የታሰርሁት እኔ ነኝ።»

ይታይሽን ወንድሟ አስናቀና ሦስት ጎረቤቶች በቃሬዛ ሁለት ቀን ተጉዘው ደብረ ታቦር አደረሷት። አያሌው አብሮ አልሄደም። ሐኪሙ መርምሮ የልብ ሥሮቿ መጥበባቸውን፣ የደም ግፊቷም ከፍ ማለቱን ተናገረ። ሲያማት ከምላሷ ሥር የምታኖረው ክኒንና ሌላም መድኃኒት ሰጣት። በሜዳ ትሂድ፤ አቀበት ግን በእግሯ አትውጣ አለ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ፊቷ ፈክቶ ተመለሰች።

ኅዳር ፲፪ ደረሰ። የሦስት አጥቢያ ሕዝብ አምባ ሚካኤል ላይ ተሰብስቧል። ይታይሽ በአስናቀ በቅሎ ተቀምጣ ከቅጽሩ በር ስትደርስ ጉርምርምታ ተነሣ። «በእግሯ አይደለም እንዴ የተባለው?» አለ አንዱ። አያሌው ከወንዶቹ መካከል ቆሞ አያትና ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ።

መምሬ ቀለመ ወርቅ ይህን ከደጀ ሰላሙ አዩ። ታቦቱ ዑደቱን ጨርሶ ከገባ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው ወደ ሕዝቡ ወጡ።

«ወገኖቼ፣ ዛሬ ትምህርት አልሰጥም፤ ኑዛዜ ነው የምሰጥ። ይታይሽን ታቦት መለሳት ብላችኋል። ቃሉን የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ አልልም፤ ሳላውቅ ፈርጃለሁ፤ በቄስ አፍ ሲሆን ይህ ከውሸት አይሻልም። የመለሳት የልቧ ሥር ጥበት ነው፤ ሐኪም አይቶ መስክሯል። ከወንዝም ይመልሳት ነበር፤ የጠየቃት ግን የለም።

«እናንተ እናቶች፣ ልማዳችሁ ሲቆም የልባችሁ ጠባቂ ይሄዳል ተብሏልና ደረታችሁን ሲጨንቃችሁ፣ ክንዳችሁ ሲዝል፣ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ‹ምን በድዬ ይሆን› አትበሉ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የንስሐ አባት ያላችሁ፣ ሕመማችሁን ሳትደብቁ ንገሩት፤ በሽተኛ እንደ ጤነኛ ይጹምና ይስገድ የሚል ሕግ የለንም። አንድ ሰው ተአምረኛ ክኒን አለኝ ቢላችሁም ተመርምሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ያስተማረችኝ የልጅ ልጄ የምትሆን ልጅ ናት፤ አላፈርሁበትም።»

አያሌው ከግንቡ ዞረ።

«መምሬ፣ ‹ቁርባኑን አቆየው› ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ አያሌው። ያልኩህ ሳላውቅ ነው። ይህች ሴት አንተን የምታሳፍርበት ምንም ነገር የለባትም። ይህን የምለው መስቀል ይዤ ነው፤ ከዋሸሁ ይህ ደጅ እኔን ይመልሰኝ።»

አያሌው ረጅም ሰው ነው፤ በሕዝቡ መካከል ሲያልፍ ሁሉም አየው። በቅሎዋ ዘንድ ደርሶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሚስቱን አወረዳት፤ ክንዷን እንደ ያዘም እስከ ሴቶቹ በር ድረስ በእርምጃዋ ልክ እየተራመደ ወሰዳት። እዚያ ሲደርሱ «ደብረ ታቦር ብቻሽን ሰደድሁሽ» ብሎ አለቀሰ።

በወሩ ተያይዘው ቆረቡ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አጥቢያ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች አርብ ለገበያ ሲወርዱ ጤና ጣቢያ ጎራ ማለት ጀመሩ። ስንዱ ከአርባ የሚበልጡትን የደም ግፊት ለካች፤ ሰባቱን ወደ ደብረ ታቦር ላከች። መምሬም ንስሐ ከመስጠታቸው በፊት «ጤናሽ እንዴት ነው? ውኃ ስትቀጂስ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዳንድ ካህናት ሳቁባቸው፤ ኋላ ግን እነሱም ይጠይቁ ጀመር።

ይህ ሁሉ ኋላ የመጣ ነው። በዚያች በኅዳር ሚካኤል ቀን ሕዝቡ ተበትኖ ሲያልቅ መምሬ ወደ ይታይሽ ሄዱና ከፊቷ ተንበረከኩ። እሷ በድንጋጤ ልታነሣቸው ብትሞክር እምቢ አሉ።

«ያለ ኃጢአትሽ አስሬሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ይታይሽ ከልጅነቷ ጀምሮ ጎንበስ ባለች ቁጥር ከራሷ በላይ ስትሰማው የኖረችው ቃል ሳታስበው ከአፏ ወጣ።

«እግዚአብሔር ይፍታዎ።»

ምን እንዳለች ስታውቅ አፏን በእጇ ያዘች። መምሬ ቀለመ ወርቅ ግን ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «አሜን» አሉ።